መልስ፦ የድጋፍ ሠራተኞች በትልቅ የሕግ ድርጅት
በትልቅ የሕግ ድርጅት በጸሐፊነት ወይም በሕግ ረዳትነት መቀጠር ክብር አለው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ የዕለት ተዕለቱን አያያዝ በአብዛኛው የሚወስነው የሚመደቡለት ጠበቃ ጠባይ ነው። በጠበቆችና በድጋፍ ሠራተኞች መካከል ያለው የክብር ልዩነት ሥሩ ግን ገንዘብ ነው፤ የጠበቃው ሰዓት ተቆጥሮ ደንበኛው ስለሚከፍልበት እንደ ገቢ ሲታይ፣ የጸሐፊው፣ የመዝገብ ቤቱና የኮምፒውተር ባለሙያው ድካም እንደ ወጪ ስለሚመዘገብ፣ ቅነሳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ይጀመራል። የሕግ ረዳቶች ሰዓታቸው ለደንበኛ የሚቆጠር ከሆነ የተሻለ ይደመጣሉ (በጊዜ ቤታቸው ይገባሉ ማለት ግን አይደለም)። በብዙ አገሮች ደግሞ ጠበቃ ያልሆነ ሰው የጥብቅና ክፍያ እንዳይካፈል የሥነ ምግባር ደንቡ ስለሚከለክል፣ የቱንም ያህል ቢያገለግሉ ሸሪክ፣ ማለትም የድርጅቱ ባለድርሻ፣ መሆን አይቻልም። ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጸሐፊ ስንት ጠበቆችን እንደሚያገለግል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዴት እንደሚሰላና የቀድሞው ሠራተኛ ለምን እንደለቀቀ ይጠይቁ።