መልስ፦ ግዙፉን አጥቂ ልውሰድ ወይስ ቀጫጫውን?

ሐዋሳ ላይ ለታዳጊ ቡድንህ ከሁለቱ አንዱን ልትመርጥ ከሆነ፣ ግዙፉ ያገባውን ጎል ለጊዜው እርሳው።

1. ሁለቱንም ጠበብ ባለ ሜዳ አራት ለአራት አጫውታቸው። እዚያ ሩጫና ጉልበት ብዙም አያዋጣም።
2. ኳሱን ሳይሆን አንገታቸውን ተመልከት። ኳስ ሳትደርሰው ዞር ዞር ብሎ የሚቃኘውን ውሰድ። ቀጫጫ ቢሆንም!

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዕድሜ። እኔ እንዳየሁት፣ በ14 ዓመቱ ሁሉን እየገፈተረ የሚያገባው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጎረመሰ ነው። እኩዮቹ ሲደርሱበት ብልጫው ይጠፋል። ወይም ዕድሜው ተቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ በልደት ካርድ ብቻ አትተማመን። ፊፋ እንኳ በ2009 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ ዕድሜ ለማጣራት የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በሚያሳይ ምርመራ) ማስመርመር የጀመረው ወዶ አይደለም። አንተ ደግሞ ከልጁ ጋር አንደኛ ክፍል የጀመሩት ልጆች አሁን ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ ጠይቅ።