«ነርስ ሁኚ ብላ ነው የሞተችው» ላሉሽ አጎትሽ

ውድ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ አያትሽ ሦስት ገጽ ጽፈሻል፤ ስለ ነርሲንግ ሁለት መስመር። እዚሁ ጎንደር የመጀመሪያ ዓመትሽን ልትጨርሺ ነው፣ የትምህርት ክፍል መምረጫ ፎርም ደርሷል፣ ልብሽ ባዮሎጂ ላይ ነው። አጎትሽ ደግሞ «እምዬ ነርስ ሁኚ ብላ ነው የሞተችው፤ አደራዋን እንዳትበዪ» ይሉሻል።

እኔንም ዝም እንዳልል ያደረገችኝ ይህች «አደራ» የምትባል ቃል ናት።

አያትሽ እምዬ 88 ዓመት ኖረዋል። ስድስት ልጆች አሳድገው፣ እናትሽ ስትሞት ደግሞ አንቺን ከጡት ላይ ተቀብለው እንደ ሰባተኛ ልጅ አሳደጉ። ቁስቋም አካባቢ ባለው ጓሯቸው ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ግራዋው፣ እንዶዱ ነበር። ምች የመታው ጎረቤት ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተሳልመው ሲመለሱ የወደቀ የዛፍ ፍሬ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡ ነበር፤ የወይራውን ቅርፊት በድንጋይ ቀስ አድርገው እየሰነጠቁ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ችግኝ ያፈሉ ነበር። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አስቀምጬ ጥቂት ቆየሁ። እኔ ምክር ሰጪ ከመሆኔ በፊት ስድስት ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። የወይራ ፍሬ ያ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ ቶሎ እንደማይበቅል ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው። እምዬ ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል።

አሁን ወደ አደራው። በሕመም አልጋ ላይ አንድ ማታ የተነገረ ቃልና 88 ዓመት የተኖረ ሕይወት ሲለያዩ እኔ የምሰማው ሕይወቱን ነው። ቃሉንም ቢሆን ሙሉውን እንየው። «እንደ እኔ የሰው እጅ እያየሽ እንዳትኖሪ፣ ነርስ ሁኚ» አሉሽ። አደራው የፊተኛው ነው። ነርስነት እሳቸው የሚያውቁት መንገድ ነበር። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት እምዬ ገና ኮረዳ ናቸው፤ ነጭ ጋወን ለብሳ የራሷን ደመወዝ የምትቆጥር ሴት ያዩት ያኔ ይሆናል። ስለዚህም የዚህ ከተማ ሰው ትምህርት ሲባል ነጭ ጋወን ቢታየው አልፈርድበትም።

አጎትሽ ወጪሽን ችለው ያስተማሩሽ ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን የሟች ቃል ይዞ የልጅን ፎርም መሙላት ልክ አይደለም። «ነርስ ወዲያው ይቀጠራል» የሚሉትም ዛሬ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሥራ ፍለጋ እኔ ዘንድ ከሚመጡት መካከል የጤና ምሩቃን ብዙ ናቸው።

ባዮሎጂም የተዘጋጀ ወንበር ይዞ ይጠብቅሻል ብዬ አልዋሽሽም። ብዙው ምሩቅ የሚያስተምር ነው፤ አሁን ባለው የጸጥታ ችግር ገጠር ወጥቶ መሥራትም ይከብዳል። አንቺ ግን ባዶ እጅሽን አትገቢም። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋቱ ምርምር ከዚያ ተነሣ። ሴቶቹ የየዕለት ሥራቸውን ነበር የሚሠሩት፤ እሳቸው አስተውለው ጠየቁ፣ መረመሩ፣ ጻፉ። እንዶዱ እኮ በእምዬም ጓሮ አለ።

ፎርሙ ላይ ባዮሎጂን አንደኛ፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን ሁለተኛ አድርጊ። ነርሲንግን ሦስተኛ ላይ ጻፊው፤ ለአጎትሽም ደብቀሽ ሳይሆን ፊት ለፊት ንገሪያቸው።

ደካማ ነው ያልሽው እንግሊዝኛሽ ይሻሻላል፣ እሱ አያስጨንቅሽ። አስጠንተሽ ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ለተዝካሩ አምጪ ስለተባልሽው ደግሞ፣ የአቅምሽን ስጪ፤ ተበድረሽ ግን አንድ ብር እንዳትሰጪ። እምዬ የልጅ ልጃቸው ዕዳ ገብታ ድግስ እንዲደገስላቸው የሚወዱ ሰው አይመስሉኝም።

ተዝካሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የማኅበር ጓደኞቻቸው፣ እኩዮቻቸው ይሰበሰባሉ። ጠላውን ሌላ ሰው ይቅዳ፤ አንቺ ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና እምዬ የትኛውን ቅጠል ለምን፣ በየትኛው ወር ይቆርጡ እንደነበር ጠይቂ። በስማቸው ጻፊው። ከእያንዳንዱ ተክል አንድ አንድ ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭነሽ አድርቂ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰው የሚጠራበትን ስም ከጎኑ አስፍሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ተክሎች ማከማቻ፣ ተክል የሚያኖረው በዚሁ መልክ ነው።

ጓሮው ተመንጥሮ ሰርቪስ ቤት ሊሠራበት ነው ብለሻል። ዘሩን ከዚያ በፊት ልቀሚ። በቆርቆሮው ውስጥ የቀሩትን የወይራ ችግኞችም ክረምቱ ሳይወጣ የሚተከሉበት ቦታ ፈልጊላቸው።