የአንባቢያን ጥያቄ፦ ወተቴ ሆርሞን ጎድሎት ይሆን?

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ሲወለድ 3.2 ኪሎ ነበር። በሦስት ወሩ 6.1 ደረሰ፤ አሁን አራት ወር ሞልቶት 6.6 ነው። እናቴ «ወተትሽ ቀጥኗል፣ የላም ወተት ጀምሪለት» ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ጡት ወተት ውስጥ የልጅን ክብደት የሚቆጣጠር ሆርሞን አለ አለችኝ። የእኔ ጎድሎ ይሆን? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በላኩልን ቁጥሮች ልጅዎ ደህና እያደገ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን እስከ ሦስት ወሩ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ይጨምርና ከዚያ ረገብ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሠንጠረዥ የወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት በሦስት ወር 6.4፣ በአራት ወር 7.0 ኪሎ ነው። በዚያ ወር የሚጠበቀው ጭማሪ 600 ግራም ገደማ ሲሆን የእርስዎ ልጅ 500 ጨምሯል።

ጓደኛዎ የነገረችዎትም እውነት አለው። ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን ከእናትየው ስብና ከራሱ ከጡቱ ወደ ወተቱ ይገባል፤ ሥራው ለአንጎል «ጠግቤያለሁ» የሚል መልእክት ማድረስ ነው። ግሬሊን ደግሞ ረሃብን ይቀሰቅሳል። አዲፖኔክቲን ሰውነት ስብና ስኳርን የሚጠቀምበትን መንገድ ያስተካክላል፤ እንገር ላይ በርከት ብሎ ውሎ ሲያድር ይቀንሳል። ኢንሱሊንም አለ። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሆርሞኑ ሲበዛ ልጅ የሚወፍር ይመስላቸዋል። በብዙ ጥናቶች የታየው ግን ሌፕቲን በርከት ያለበትን ወተት የሚጠቡ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ወራት ክብደት የሚጨምሩት ረጋ ብለው መሆኑን ነው። ስለዚህ ሆርሞኑን ማስለካት አያስፈልግዎትም፤ የሚለካው ልጁ ነው።

በአንድ ሚዛን፣ ልብሱንና ዳይፐሩን አውልቀው፣ ሳይጠባ ያስመዝኑት። በሽንት የራሰ ዳይፐር ብቻውን የሳምንቱን ጭማሪ ሊያህል ይችላል። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ የክብደት መከታተያ ካርዱ ላይ ያለው መስመርም ወደ ላይ ከሄደ ወተቱ በቅቶታል። ወር ሙሉ ምንም ካልጨመረ፣ መስመሩ ወደ ታች ከወረደ ወይም ልጁ ከፈዘዘ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የላም ወተት ዓመት ሳይሞላው እንደ ዋና መጠጥ አይሰጠውም፤ ብረቱ አነስተኛ ነው፣ ኩላሊቱንም ያስቸግራል። ሌላም ጣጣ አለው፦ ልጁ በላም ወተት ሲጠግብ ጡትዎ ሳይጠባ ሞልቶ ይውላል። ሞልቶ የዋለ ጡት ደግሞ ወተት ማምረቱን ይቀንሳል። አንዱን ጡት ጠብቶ ሲጨርስ ወደ ሌላው ያዙሩት፤ ወተት የሚያመርተው ፕሮላክቲን ሌሊት ስለሚጨምር የሌሊቱን አያስቀሩ። እናትዎ አጥሚቱን ለእርስዎ ቢያዘጋጁልዎ ልጁን የሚጠቅመው ያ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ጀምሬያለሁ። ቢሮ የማልበውን ወተት ማታ ቢሰጡት ችግር አለው? (ከዓባይ ማዶ)

መልስ፦ ምግብነቱ ያው ነው። ልዩነቱ የሌሊት ወተት እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን ያለበት መሆኑ ነው፤ የቀኑ ላይ ከስንት አንድ ነው። የጠዋቱ ወተት ደግሞ የሚያነቃቃው ሆርሞን ኮርቲሶል የሚበዛበት ነው። ሕፃን የራሱን ሜላቶኒን በቀንና በሌሊት ለይቶ ማመንጨት የሚጀምረው በሦስት ወሩ ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ላለ ልጅ ዕቃው ላይ «ቀን» ወይም «ሌሊት» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል።

የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ክፍል 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ባሕር ዳር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከዚያ ስለሚያልፍ በረዶ ያለበት ቦርሳ ይያዙ። ሲያሞቁት ኩባያውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይንከሩት እንጂ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ሲፈላ ሌፕቲኑና ኢንሱሊኑ ይበላሻል። የሞቀውን በ2 ሰዓት ውስጥ ያስጨርሱት፤ የተረፈውን ይድፉ። ከጡጦ ይልቅ ለማጠብ የሚቀለው ኩባያና ማንኪያ ነው።

ጥያቄ፦ የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ ወተት ያደርቃል? (ከዜጌ)

መልስ፦ የሦስት ወሩ መርፌ ያለው ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ብቻ ነው፤ ከወሊድ ስድስት ሳምንት በኋላ መውሰድ ይቻላል፣ ወተትም አያደርቅም። ወተት ሊቀንስ የሚችለው ኤስትሮጅን የተቀላቀለበት እንክብል ነው፤ ልጁ ስድስት ወር እስኪሞላው አይውሰዱት። ለጤና ባለሙያዋ እያጠቡ መሆኑን አስቀድመው ይንገሯት።