«ዴድላይን» ውስጥ ሞት ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ቀነ ገደብ በእንግሊዝኛ «ዴድላይን» ይባላል። «ዴድ» ሙት፣ «ላይን» መስመር ከሆነ ከቀን ጋር ምን አገናኛቸው? ሥራውን እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ ለማለትስ «አንቲል ፍራይዴይ» ነው ወይስ «ባይ ፍራይዴይ»?

መልስ፦ ቃሉ ሲጀመር ከቀን ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ የምር የሚገድል መስመር ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1864፣ የደቡብ ጦር ጆርጂያ ውስጥ አንደርሰንቪል ላይ የምርኮኞች ካምፕ ከፈተ። ከግንዱ አጥር 6 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አጫጭር ቋሚዎች ላይ የተመታ ቀጭን አግዳሚ ግቢውን ይዞር ነበር። እሱን ያለፈ ምርኮኛ ማማው ላይ ካለው ዘብ ጥይት ይጠብቀዋል። ይህ ነው «ዴድ ላይን»፣ ያኔ በሁለት ቃል የሚጻፈው። የካምፑ አዛዥ ሄንሪ ዊርዝ በ1865 ተከሶ ሲቀርብ የመስመሩ ነገር በክሱ ውስጥ ተነሥቶበታል፤ በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ።

ኋላ ማተሚያ ቤቶች ፊደል ካለፈው በደንብ የማይታተምበትን የማተሚያ መኪናውን ወሰን በዚህ ስም ጠሩት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ጋዜጦች ጽሑፍ የሚረከቡበትን የመጨረሻ ሰዓት እንዲሁ አሉት። ዛሬ የቀረው ይኸኛው ትርጉም ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ትክክሉ «ባይ ፍራይዴይ» ነው። የሚያሳስተን የራሳችን «እስከ» ነው፤ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። «እስከ ዓርብ እቆያለሁ» ሲሉ ድርጊቱ ሳይቋረጥ ይዘልቃልና «አንቲል» ይሁን። «እስከ ዓርብ አስረክባለሁ» ግን አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ዓርብ ወይም ከዚያ በፊት። ለዚህ «ባይ» ብቻ።

ከግሦቹም ይጠንቀቁ። በቀኑ ከደረሱ ዴድላይኑን «ሜት» አደረጉ፤ ካመለጠዎት «ሚስድ» ነው። «ፊኒሽ» የሚባለው ሥራው እንጂ ዴድላይኑ አይደለም። የወተትና የፓስፖርት ማብቂያ «ኤክስፓየሪ ዴት»፣ የክፍያና የተዋሱት መጽሐፍ መመለሻ «ዲው ዴት» ይባላል፤ በተለይ የወተቱንና የፓስፖርቱን ማብቂያ ዴድላይን ማለት ጆሮ ይቆረቁራል።

ከሁሉ የሚብሰው የማራዘም ነገር ነው። እኛ ቀን ስናራዝም «ወደፊት ገፋነው» እንላለን። እንግሊዝኛው ተቃራኒ ነው፦ «ፑሽ ባክ» (ቃል በቃል ወደ ኋላ መግፋት) ማለት ማራዘም፣ «ብሪንግ ፎርዋርድ» (ወደፊት ማምጣት) ማለት ቀኑን ማስቀደም ነው። «ሙቭ ፎርዋርድ» ከተባለማ የቋንቋው ባለቤቶችም እርስ በርስ አይግባቡም፤ አንዱ ቀደመ፣ ሌላው ዘገየ ብሎ ይረዳዋል። በደብዳቤ ላይ ይህን ሐረግ ይተዉትና አዲሱን ቀን በቁጥር ይጻፉ።