መልስ፦ ያልተቀየረ መኪና ሩቢኮንን ይወጣል?

ምንም ነገር ያልተጨመረበት ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪናዎ በካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ወደሚደረገው ዓመታዊው የጂፕ መኪኖች ጉዞ፣ ጂፐርስ ጃምቦሪ፣ ሊያደርስዎት ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። ከ1953 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚካሄደው ይህ ጉዞ ጆርጅታውን ከምትባለው ትንሽ ከተማ ተነሥቶ በሩቢኮን መንገድ አልፎ ወደ ታሆ ሐይቅ አቅጣጫ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ በመሀል ሩቢኮን ስፕሪንግስ ላይ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። መንገድ ይባል እንጂ አብዛኛው የተቆለለ ቋጥኝ ነው።

ስለዚህ ወሳኙ የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ዝቅተኛው ማርሽ (መኪናውን በጣም በዝግታ ግን በኃይል የሚያስኬደው ተጨማሪ ማርሽ)፣ እንዲሁም ካምቢዮውንና የነዳጅ ጋኑን ከሥር የሚሸፍነው ብረት ነው። መኪናዎ ዝቅተኛ ማርሽ ከሌለው ባይሞክሩት እመክራለሁ። ካለው ደግሞ ከቋጥኙ በፊት የጎማውን ነፋስ ይቀንሱ፤ መልሶ የሚሞላ መንፊያና ደህና ስኮርታም ይያዙ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ተንቀሳቃሽ መጸዳጃና የፈሰሰ ዘይት መምጠጫ ነው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) በመንገዱ አጠገብ ያለው የስፓይደር ሐይቅ አካባቢ በሰው ዐይነ ምድር በመበከሉ ድንኳን ተክለው ለሚያድሩ ተዘግቶ ስለነበር፣ እኔ ከመጎተቻ ገመድ እኩል አያቸዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ልምድ ካለው አሽከርካሪ ኋላ ይሰለፉ፤ በጠባቡ ቦታ ላይም አንድ ሰው ወርዶ ጎማዎን በእጅ ምልክት ይምራልዎት።