ጆርጅ ዋሽንግተን እሳት ያጠፋበት ቤት ነው?

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ደቡብ አልፍሬድ ጎዳና ላይ «ፍሬንድሺፕ» የሚባል ትንሽዬ የድሮ እሳት አደጋ ጣቢያ አለ። ልጄ «ጆርጅ ዋሽንግተን እዚያ እሳት አጥፊ ነበር» ትለኛለች። እውነት ነው? ደግሞስ እዚያች ቤት የእሳት አደጋ መኪና እንዴት ይገባ ነበር?
አንዲት እናት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ፣ እዚያ ቤት ውስጥስ አልነበረም። ቤቱ የተሠራው በ1855 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዋሽንግተን ያረፈው በ1799 ነው። ወሬው የመጣው ከማኅበሩ ነው። ፍሬንድሺፕ በ1774 የተቋቋመ፣ የከተማው የመጀመሪያ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ማኅበር ነው። ዋሽንግተን አባሉ ነበር የሚለው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አፈ ታሪክ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ በእሱ ስም የተነሳ ሌሎቹ መረሳታቸው ነው። ደሞዝ አልነበራቸውም። የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ደወል ሲሰሙ ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ከእድራችን ብዙም አይርቅም።

መኪና ገና አልተፈጠረም። ፓምፑን በገመድ እየጎተቱ የሚሮጡት ራሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ዘመን ሰው ተሰልፎ በቆዳ ባልዲ ውኃ ይቀባበላል፤ ባልዲው የፓምፑ ገንዳ ውስጥ ይገለበጣል። ከዚያ ግራና ቀኝ የቆሙት ረጅሙን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች ይጫኑታል። ከባድ ጉልበት ይጠይቃል። አንዱ ወገን ሲደክመው ሌላው ይተካል። በኋላ የመጡት ፓምፖች ውኃውን በቱቦ ራሳቸው መሳብ ጀመሩ። ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ቤቱ በቂ ነበር።

ቤቱ በተሠራበት በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር፣ ኪንግ ጎዳና ላይ አንድ የሸክላ ዕቃ ሱቅ ተቃጠለ። ግድግዳው ተደርምሶ ሰባት የከተማው በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች ሞቱ። ሰባት! ትንሽ ከተማ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያስቡት። የመታሰቢያ ሐውልታቸው አይቪ ሂል መካነ መቃብር ውስጥ ቆሟል።

ሕንፃው በ1871 ታድሷል፤ ዛሬ የሚያዩት ጌጣጌጥ ያኔ የመጣ ነው። አሁን ሙዚየም ሆኗል። ምድር ቤቱ ውስጥ በእጅ የሚጎተቱትን ፓምፖች፣ የቆዳ ባልዲዎቹንና መጥረቢያዎቹን ያገኛሉ። ፎቅ ላይ የማኅበሩ መሰብሰቢያ ክፍልና የሰልፍ ልብሳቸው አለ። ልጅዎን ይውሰዷት። የሚከፈተው ውስን ቀን ብቻ ስለሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ስለ ሰባቱም ይንገሯት።