በሩን ከማስቀየርሽ በፊት ሥሩን እዪው
እህቴ፣ የበረንዳሽ ተንሸራታች የአልሙኒየም በር ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግማሽ ላይ እየያዘ እንዳስቸገረሽ፣ ልጆችሽም እየገፉ እንደሚታገሉት፣ ያየው ባለሙያ ደግሞ «ሙሉ በሙሉ ይቀየር» እንዳለሽ ጽፈሻል። እባክሽ ቶሎ አትወስኚ። ባሕር ዳር ድባንቄ ሰፈር ስኖር ይኸው ችግር ገጥሞኝ ሁለት ክረምት አሳልፌበታለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ በሩ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ ዘይት ማፍሰስ ነበር። መጀመሪያ የምግብ ዘይት፣ ቀጥሎ ግራሶ። ለሳምንት ያህል በጣት ሲነኩት የሚሄድ ሆነ። ከዚያ አቧራውም፣ ማታ መብራት አይተው ከሐይቁ በኩል የሚግተለተሉት ትንኞችም ግራሶው ላይ እየተለጠፉ ሀዲዱ ጥቁር ጭቃ ሞላው። አንቺም ቀብተሽው ከሆነ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና አጥበሽ አስለቅቂው።

በመጨረሻ ከወንድሜ ጋር በሩን አውጥተን ገለበጥነው። ጥፋቱ ከሀዲዱ አልነበረም። ከበሩ ሥር ያለችው ሮለር፣ ማለትም ትንሿ ጎማ፣ ጸጉርና የምንጣፍ ክር እንደ ልቃቂት ተጠምጥሞባታል። በምላጭ ቆርጬ በወረንጦ ስስበው አያልቅም። ጎማዋ መዞር ካቆመች ቆይታለች፤ እየተጎተተች ስለነበር አንድ ጎኗ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። ያንን ሳይ ነው ስንት ጊዜ በከንቱ ሀዲድ ስጠርግ እንደኖርኩ የገባኝ።

ስለዚህ በሩን አስወጪው፤ ግን በፍጹም ብቻሽን አይሁን። 5 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 12.5 ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ በር መስታወቱ ብቻ 25 ኪሎ ነው። በበሩ ጠርዝ ታችኛው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ፈልጊ፤ በፕላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ውስጡ ያለው ብሎን በካቻቢቴ ሲዞር ሮለሩን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሮለሩ ወደ ውስጥ እስኪገባ አዙሩት። ላይኛው ሀዲድ ላይ በሩ እንዳይነሳ የሚከለክል ማገጃ ካለ ፍቱት። ከዚያ ለሁለት ይዛችሁ ወደ ላይ ስታነሱት የታችኛው ጫፍ ከሀዲዱ ይለቃል፤ ወደ ራሳችሁ ሳብ አድርጋችሁ ማውረድ ነው። በቤቱ በኩል ያለው በር ነው መጀመሪያ የሚወጣው።

ጎማው ከተጸዳ በኋላ በጣት ሲዞር በነጻነት ከዞረ ደህና ነው። ካልዞረ ወይም ከተበላ አሮጌውን ይዘሽ የአልሙኒየም ዕቃ ከሚሸጥበት ሂጂ፤ መጠኑ ስለሚለያይ በቃል መንገር አያዋጣም። ኩሽኔታ ያለውን ምረጪ። የበሩን ሁለቱንም ጎማዎች አንድ ላይ ቀይሪ፤ ዋጋው ከሙሉ በር ጋር አይወዳደርም። ሀዲዱን መጀመሪያ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ከጠረግሽ በኋላ እጠቢው። የተጎበጠ ቦታ ካለ እንጨት አስደግፎ ቀስ ብሎ በመዶሻ ማቃናት ይቻላል። ሲደርቅ ሻማ እሺበት፤ ሻማ እንደ ግራሶ አቧራ አይሰበስብም።

ክረምት ላይ የባሰበት ደግሞ አንዱ ምክንያት የውሃ መውጫዎቹ መደፈን ሊሆን ይችላል። ከሀዲዱ ውጭኛ ጎን ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በሽቦ ክፈቻቸውና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሀዲዱ ላይ አፍስሺ። ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ገና አልተከፈቱም።

በሩ ተመልሶ ከገባ በኋላ ጣት የምታህል ክፍተት እስክትቀር ዝጊው። ክፍተቷ ላይና ታች እኩል ካልሆነች አንደኛው ሮለር ዝቅ ብሏል፤ ብሎኑን በሩብ ዙር እያዞርሽ አስተካክይ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ከላይ በኩል ከያዘ፣ የበሩን መግቢያ ከፍታ ግራ፣ መሃልና ቀኝ በሜትር ለኪ። እኛ ከተማ ብዙ ቤት መረሬ፣ ማለትም ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ላይ ነው ያረፈው። መረሬ በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮ ይንቀሳቀሳል። መሃሉ ዝቅ ካለ በር መቀየር ምንም አይፈይድልሽም፤ አዲሱንም ይይዘዋል። ያኔ የሚያስፈልግሽ ግንበኛ ነው።

እስኪሠራ ድረስ ግን ልጆቹ በግድ እንዳይገፉት አደራ። የያዘ በር ድንገት ሲለቅ ጣት ይቀረጥፋል።